ታቦቱ መውጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው በየት በኩል ነው

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ምንጃር፣ ኢራንቡቲ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ጤፉ ታጭዶ ተወቅቶ ሜዳው ገላጣ ሆኗል። መጀመሪያ ዣንጥላው ከሩቅ ይታያል፣ ከዚያ ከበሮው ይሰማል፣ ከዚያ አቧራው ይመጣል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚገናኙት 44 ታቦታት ናቸው። ጎረምሳው ዱላውን ከፍ አድርጎ ይጨፍራል፣ እናቶች ልጅ አዝለው እልል ይላሉ፣ ሽማግሌው በበቅሎ ይከተላል፣ ከየደብሩ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይፈሳል። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛሬም የመጀመሪያዋ ዣንጥላ ብቅ ስትል ሆዴ ይባባል።

እንዲህ ያለው በዓል በደረሰ ቁጥር ሁለት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው "ታቦት ከጥንት ጀምሮ ይወጣል፣ መንግሥት ምን አገባው?" ይላል። ሌላው ደግሞ "አንድ ነገር ቢፈጠር ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? ይቅር" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ረስተዋል። ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዓሉ ስለተከበረ አይደለም። በሩ ስለጠበበ፣ እንጨቱ ስለላላ፣ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ነው የሚሞተው። ስለዚህ "ይውጣ ወይስ አይውጣ" ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ጥያቄው በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር የሚለው ነው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በግልም ሆነ በይፋ መፈጸም እንደሚችል ይናገራል። "በይፋ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ታቦት አጅቦ አስፋልት ላይ መውጣት፣ ዒድን ሜዳ ላይ መስገድ፣ ደመራ መደመር፣ ሌላውም ቤተ እምነት አደባባይ ወጥቶ መዘመሩ እዚያች ቃል ውስጥ አለ። ማንም ባለሥልጣን የሚሰጠው ችሮታ አይደለም።

ወረድ ብሎ ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ገደቡ ይመጣል። እምነትን መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ነው፣ ያውም ለተቆጠሩ ምክንያቶች ብቻ፤ ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሕዝብ ሞራል፣ ለሌሎች ሰዎች መብት፣ እንዲሁም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ለማረጋገጥ። ዝርዝሩ እዚያው ላይ ያበቃል። "ለከተማው ገጽታ አይመችም" የሚል ምክንያት የለበትም። "እንግዳ ስለሚመጣብን" የሚልም የለበትም።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም አንቀጽ 18 ላይ ተመሳሳይ ነገር ይላል። የሚጨምረው ነገር ቢኖር ገደቡ የግድ አስፈላጊ መሆን አለበት የሚለውን ነው። ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። አንድ ኃላፊ "ይህን መንገድ አትሂዱበት" ሲል ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። የትኛው ሕግ ነው? ከየትኛው አደጋ ልትጠብቀን ነው? ከዚህ ቀለል ያለ ዘዴ የለም ወይ? ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው ድልድይ የተሰነጠቀ ከሆነ መልሱ ሌላ ድልድይ ነው። ሌላ ድልድይ ከሌለ ተራ በተራ ማሳለፍ ነው። ማስቀረት የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው።

"ታዲያ ፈቃድ መጠየቅ አለብን?" ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። እዚህ ጋ ግራ መጋባት አለ። ሰው የሚጠቅሰው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ ከስሙ ጀምሮ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው የሚያወራው። እዚያም ቢሆን ያለው ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቅ ነው። አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። አስተዳደሩ ሐሳብ ካለው በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ምክንያቱን ይገልጻል፣ ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ ሊጠይቅም ይችላል። ጭራሽ በየትም ቦታ በማንኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ለፖለቲካ ሰልፍ እንኳ ሕጉ እንዲህ ካለ፣ ለጥምቀት "ፈቃድ የላችሁም" የሚባልበት መንገድ አይታየኝም።

ግን ለደብር አስተዳዳሪዎችና ለበዓል ኮሚቴዎችም አንድ ነገር ልበል። ማሳወቅ መንበርከክ አይደለም። ፖሊስ፣ ጤና ጣቢያውና የመንገድ ትራፊክ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ካላወቁ አምቡላንሱ የሚቆመው በተሳሳተ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃንን አስቡት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል። ታቦት ሲሻገር የጭነት መኪናው፣ የደሴ አውቶቡሱ፣ ምጥ የያዛት እናት የተሳፈረችበት ባጃጅ ሁሉ ይቆማል። መኪናው ቢቆም ችግር የለውም፣ ባለመኪናውም መሪውን ለቆ ያማትባል። ያቺ እናት ግን የምታልፍበት አንድ መስመር መተው አለበት። "የሌሎች መብት" ሲባል ትርጉሙ ይህ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ ደብዳቤና አንድ ስብሰባ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ማለትም ወደ ሰውና ወደ መሬት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ደብር የንግሥ ቀን ነበር። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ገባና ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። የግቢው በር ባለ ሁለት ተካፋች ነው። አንዱ ተካፋች ከላይ በሽቦ ታስሯል፤ ለምን እንደታሰረ ያስታወሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከውጭ ደግሞ ጠበል ይዘው የሚገቡ ሰዎች አሉ። እኔ መሐል ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ በእጄ ያለውን ጧፍ ወደ ላይ ላነሳ ስል ክንዴ አልነሳ አለኝ። ከጎኔ ነጭ ነጠላ ያጣፉ እማማ ነበሩ፣ አንገቴ ድረስ እንኳ አይደርሱም። ቀና ብለው አዩኝና በቀስታ "ልጄ፣ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ" አሉኝ። ምንም የጮኸ ሰው አልነበረም። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ። ከኋላ ያለው ሕዝብ እየዘመረ ነበር፤ ፊት ላይ የሆነውን አላየም፣ አልሰማም። አንድ የሰንበት ተማሪ አጥሩ ላይ ወጥቶ ሽቦውን በጥርሱም በእጁም ታግሎ ፈታውና ሁለተኛው ተካፋች ተከፈተ። በአንድ ጊዜ ሁላችንም ተነፈስን።

ያን ቀን ምን ሊሆን ነበር? ሰው "ተረጋግጦ ሞተ" ሲባል የወደቀ ሰው በእግር የተረገጠ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ሰው ቆሞ ነው የሚሞተው። ከፊትና ከኋላ ሲጫነው ደረቱ አይሰፋም፣ ደረቱ ካልሰፋ አየር አይገባም። ጉልበተኛ መሆን አያድንም፣ የሚገፋው የአንድ ሰው ክንድ ሳይሆን የመቶዎች ክብደት ነውና።

በቀላሉ ለማየት ዱላ አንሱና መሬት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ አስምሩ። ሁለት ሰው አስገቡበት፣ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። አራት አስገቡ፣ ይነካካሉ ግን ይቆማሉ። ስድስት ስታስገቡ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጌታ መሆኑ ያበቃል። ሕዝቡ እንደ ውሃ ይሆናል፤ አንዱ ጋ የተነሳ ግፊት እንደ ማዕበል ሌላው ጋ ይደርሳል፣ ማንም ሆን ብሎ ሳይገፋ። እኔና እማማ የነበርንበት እዚያ ነው።

በሩም የራሱ ስሌት አለው። በደልዳላ መሬት ላይ የአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ወደ 80 ሰው ያሳልፋል። ሦስት ሜትር የሆነ በር በደቂቃ 240 ሰው ማለት ነው። ግቢው ውስጥ 6000 ሰው ካለ ሁሉም እስኪወጣ 25 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን ተካፋች በሽቦ እሰሩት፣ 50 ደቂቃ ሆነ። ሰው ግን 50 ደቂቃ አይታገሥም፣ ይጠጋል። ኢራንቡቲ ይህን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ የሚተነፍሰው ሜዳው አጥር ስለሌለው ነው። ደብረ ሲና ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ ሕዝብ ፊት ያለው ቢቆም እንኳ ኋላ ያለው መቆም አይችልም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. እስራኤል አገር ሜሮን ተራራ ላይ ለሃይማኖት በዓል የወጡ 45 ሰዎች የሞቱት ጠባብ በሆነ፣ በሚያንሸራትት ቁልቁለት መተላለፊያ ላይ ነው። ቦታው አደገኛ መሆኑን የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ከዓመታት በፊት ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. መካ አጠገብ ሚና በሚባለው ቦታ፣ በሐጅ ሥርዓት፣ ሁለት የሰው ጎርፍ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጥሞ በሳዑዲ መንግሥት ቁጥር ብቻ 769 ሰው ሞተ። እዚህም ሁለት ታቦት በአንድ ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት እንዳይገናኝ ሰዓት መለያየት ያለበት ለዚህ ነው።

ሩቅ አገር ምን ወሰደኝ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የማርያም ዕለት፣ እዚሁ እኛው ሰሜን ሸዋ ዞን አረርቲ ላይ በግንባታ ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ሰው ተጎዳ። ለንግሥ ነበር የመጡት። በጥር 2012 ዓ.ም. ጎንደር ላይ፣ ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ለመቀመጫ የተሠራ የእንጨት መድረክ ወድቆ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። ሁለቱም ጋ ጠላት አልመጣም፣ ቦምብ አልፈነዳም። እንጨት ነው የወደቀው። እኛ ግን ስለ በዓል ደህንነት ስናወራ አፋችን ላይ የሚመጣው ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ ነው። በዓል ሲደርስ ርብራቡን፣ መድረኩን፣ አሮጌውን ደረጃ አይቶ "እዚህ ላይ ሰው አይወጣም" ብሎ ገመድ የሚወጥር አንድ አናጺ ከአሥር ጠባቂ ይበልጣል፤ ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም።

የጸጥታ ሥራው ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ፍተሻን ውሰዱ። ፍተሻ መኖሩን አልቃወምም፣ በዚህ ዘመን ያስፈልጋል። ግን ፈታሾቹ በር ላይ ከቆሙ በሩን አጠበቡት ማለት ነው። የመጣው ሰው እየተጠራቀመ ሄዶ ኋላ ያለው "ምን ሆነው ነው?" እያለ ይገፋል። ፍተሻው ከበሩ 200 ወይም 300 ሜትር ወጣ ብሎ፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ብዙ መስመር ተከፍቶ መሆን አለበት፣ ለሴቶች ሴት ፈታሽ ተመድባ። እዚያ መስመር ላይ ቆሞ የለበስከው ቲሸርት፣ የያዝከው ባንዲራ እያሉ ሙግት መግጠም ደግሞ ሰልፉን ያቆመዋል፣ ወጣቱን ያስቆጣል፣ ከደህንነት ጋርም አይገናኝም። ጨርቅ ሰው አይገድልም፤ በጨርቅ ምክንያት የተነሳ ግፊያ ግን ይገድላል።

አስለቃሽ ጭስም እንደዚያው ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ሊከበር ሕዝቡ ሐይቁ ዳር ሞልቷል። ተቃውሞ ተነሳ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ሲሸሽ ተረጋገጠ፣ ቦይ ውስጥ ወደቀ። መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ ከ50 በላይ ሰው ሞተ፤ ሌሎች ከዚያ በጣም ይበልጣል ይላሉ። ጭስ የሚተኮሰው ሰው እንዲበተን ነው። መበተኛ የሌለው ሰው ግን የት ይሂድ? መውጫው ባልታወቀበት ቦታ የተጠጋጋ ሕዝብ ላይ ጭስ መልቀቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ የፖሊስ አዛዥ ከበዓሉ በፊት ማሰብ አለበት፣ በዓሉ ላይ ሳይሆን።

በእኛ በኩል ደግሞ ተኩሱ አለ። ደስታ ነው፣ አውቃለሁ፣ አባቶቻችንም ተኩሰዋል። ግን ወደ ሰማይ የሄደው ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል። በዚህ በተወጠረ ጊዜ ደግሞ አንድ ጥይት ሲጮህ የደስታ ይሁን የጠብ ማንም አይለይም፣ ሕዝቡ በአንዴ ይነቃነቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ የመሰብሰብ መብትን ሲሰጥ "መሣሪያ ሳይይዝ በሰላም" ብሎ ነው። ዱላ ሌላ ነገር ነው። የምንጃር ልጅ ያለ ዱላ ጭፈራው አይሆንለትም፣ ከእጁ ልቀማህ ብትሉት ጠብ ትጀምራላችሁ። ጫፉ ላይ ብረት የተገጠመለትን የአገር ሽማግሌ "ልጄ፣ ይህን ቤት አስቀምጠህ ና" ቢለው ግን ይመለሳል። ፖሊስ የማይችለውን ሽማግሌ ይችለዋል።

ሚዛኑ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። ሸዋ ሮቢትም ሆነ አጣዬ ዒድ ሲሰገድ ሜዳው ይሞላል። ለጥምቀት የተዘጋ መንገድ ለዒድ "አይቻልም" ከተባለ ያ ደህንነት አይደለም፣ አድልዎ ነው። ዒድ አል ፈጥር አንድ ልዩ ነገር አለው። ቀኑ በጨረቃ ነው፤ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚታወቀው ማታ ነው። ስለዚህ "ከ48 ሰዓት በፊት ቁርጥ ቀኑን አሳውቁ" ብሎ ድርቅ ማለት አይሠራም። ለሁለቱም ቀን እቅድ ይያዛል፣ ማታ ስልክ ይደወላል፣ አለቀ። ታቦቱ በመስጊድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቄሰ ገበዙና ሼሁ አስቀድመው ቁጭ ብለው የሶላት ሰዓቱን ይነጋገሩ። ሁለቱ ሻይ እየጠጡ በሩብ ሰዓት የሚጨርሱትን ነገር ኮማንድ ፖስት በሦስት ቀን አይጨርሰውም።

አንዳንዴ ምክንያቱ "ሌሎች ሊረብሹ ይችላሉ" ይሆናል። ቢያስፈራራ አስፈራሪው ነው መያዝ ያለበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓትን በአደባባይ ያወከ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል። ሰላማዊውን አስቀርቶ ረባሹን መተው ለረባሹ ቁልፉን መስጠት ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ያስፈራራል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ? እዚህ ላይ ሁለት ሕግ አለ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶች ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ አንቀጽ 27 የለም። በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 4 ግን የሃይማኖት ነፃነት ከማይነኩት ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ሁለቱ ተጋጭተው ሳይሆን ተደጋግፈው ሲነበቡ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ሰዓቱ ሊያጥር፣ መንገዱ ሊቀየር ይችላል፣ እምነቱ ግን በሰዓት እላፊ አይታገድም።

ከተራ ማታ ለሚያድሩትም አንዲት ነገር። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጥር ላይ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው እሳት ያነዳል። እሳቱ ከድንኳኑ ይራቅ፣ አጠገቡም በርሜል ውሃ ይቀመጥ።

እናንተም ስትሄዱ የመጣችሁበትን በር ብቻ ሳይሆን ሌላ መውጫም እዩ። ክንዳችሁ አልነሳ ሲላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ለሳንባችሁ ቦታ ያዙ፣ ወደ ኋላ አትታገሉ፣ ግፊቱ ሲላላ በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። የወደቀ ሰው ካያችሁ መዝሙሩን አቋርጣችሁ ጩኹ፣ ወደ ኋላ "ቁሙ" በሉ። አጥር ላይ የወጣ ሰው ካለ ስሙት፣ ከላይ ሆኖ የሚያየውን እናንተ አታዩም። ልጅ ካላችሁ በጀርባ ሳይሆን በፊት እቀፉት። ከፍ ያለ ከሆነ ክንዱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉለት፣ በማይለቅ ቀለም፣ ጠበል ይረጫልና።